ዲኤክስ፣ ዲዛየር እና ሲጋል፦ የሦስት ዘመን መኪኖች በባሕር ዳር መንገድ ላይ

በወላጆቼ ግቢ ውስጥ ሦስት መኪኖች ጎን ለጎን መቆም ከጀመሩ ጥቂት ወራት ተቆጥረዋል። የመጀመሪያዋ አባቴ ከመምህርነት ደመወዙ ለዓመታት ቆጥቦ የገዛት፣ እኔና እህቶቼ በኋላ ወንበሯ ላይ ተፋፍገን ያደግንባት ቶዮታ ኮሮላ ዲኤክስ ናት። ሁለተኛዋ ታናሽ እህቴ ለሥራዋ የምትነዳት ሱዙኪ ዲዛየር ስትሆን፣ ሦስተኛዋ ደግሞ የታላቅ እህቴ ባለቤት በቅርቡ የገዛት ቢዋይዲ ሲጋል የምትባል ትንሽ የኤሌክትሪክ መኪና ናት። አንድ እሑድ ከምሳ በኋላ ቡና እየተጠጣ ሳለ «ዲኤክሷ ትሸጥ ወይስ ትቆይ?» የሚል ጥያቄ ተነሣና ክርክሩ ጦፈ። አማቻችን «ይህች መኪና ቤንዚን ትጠጣለች፣ ዳገት ላይም ታለቅሳለች» ሲል፣ አባቴ ደግሞ «የዛሬዎቹ ቆርቆሮ ናቸው፤ ጉልበት ያለው የድሮው ሞተር ነው» ብሎ አልበገር አለ። ከሁለቱም እጅ ግን ቁጥር አልነበረም። እኔም ከዚያ ቀን ጀምሮ ሦስቱንም በአንድ ሾፌር፣ በአንድ መንገድ እና በተመሳሳይ ጭነት ለመመዘን ወሰንሁ፤ ከዚህ በታች የማቀርበው የዚያን ምዘና ውጤት ነው።

መለኪያዎቼ ፍጥነት፣ ጉልበት እና የነዳጅ ፍጆታ ናቸው። ፍጥነት ስል ዳሽቦርዱ ላይ የተጻፈውን ትልቁን ቁጥር ማለቴ አይደለም። ብስክሌት፣ ባጃጅ፣ ጋሪና እግረኛ በአንድነት በሚጠቀሙበት የባሕር ዳር ጎዳና ላይ በሰዓት 160 ኪሎ ሜትር የሚሮጥ መኪና መያዝ ለማንም አይጠቅምም፤ የሚጠቅመው መኪናው ከቆመበት ተነሥቶ 50 ለመድረስ፣ ገጠር ላይ ደግሞ ጭነት የያዘ አይሱዙን በደኅና ለመቅደም ከ40 ወደ 80 ለመውጣት የሚፈጅበት ጊዜ ነው። ጉልበትን በቤዛዊት ዳገት ፈተንሁት። ፍጆታን የለካሁበት መንገድ ቀላል ቢሆንም ትዕግሥት ይጠይቃል፦ ሳልባቲዮውን እስከ አፉ ሞልቶ የኪሎ ሜትር ቆጣሪውን መመዝገብ፣ ቢያንስ 200 ኪሎ ሜትር መንዳት፣ ከዚያም በዚያው ማደያ፣ መኪናዋን በዚያው አቅጣጫ አቁሞ እንደገና እስከ አፉ መሙላትና የተሄደውን ኪሎ ሜትር ለገባው ሊትር ማካፈል። የነዳጅ ወረፋ በሚበዛበት ከተማችን ይህን ለማድረግ አንዳንድ ቀን ከሌሊቱ 11 ሰዓት መነሣት ነበረብኝ። አሥር አሥር ሊትር እየተቀዳላት የምትነዳ መኪና ፍጆታዋ በግምት እንጂ በልክ ስለማይታወቅ፣ ሙሉ መሙላት በማይቻልበት ቀን ምንም ሳልመዘግብ እመለስ ነበር።

መጀመሪያ ላይ አንድ ነገር ሊያሳስተኝ ነበር። ዲኤክሷ ከፋብሪካ ስትወጣ ባለ 13 ጎማ ነበራት፤ አባቴ ከዓመታት በፊት ባለ 14 አስገጥሞላታል። ዙሪያው የሰፋ ጎማ በአንድ ዙር የሚሄደው ርቀት ይረዝማል፤ ቆጣሪው ግን የሚያውቀው የድሮውን ጎማ ስለሆነ ከተሄደው አሳንሶ ይጽፋል። በመንገዱ ዳር ከተተከሉት የኪሎ ሜትር ምልክቶች ጋር ሳስተያየው በየ100 ኪሎ ሜትሩ 4 ኪሎ ሜትር ገደማ ይጎድላል። ስለዚህ ዲኤክሷ በቤተሰባችን ዘንድ ለብዙ ዓመታት ከእውነተኛ ልኳ በላይ ጠጪ ተብላ ስትታማ ኖራለች፤ ከዚህ በታች የጻፍኋቸው የእርሷ ቁጥሮች በሙሉ በዚህ እርማት የተሰሉ ናቸው።

ወደ ውጤቱ ከመሄዴ በፊት መነገር ያለበት የከፍታው ጉዳይ ነው። የጣና ሐይቅ የውኃ ገጽ ከባሕር ጠለል በላይ 1,788 ሜትር ገደማ ላይ ይገኛል፤ አምራቾች በወረቀት ላይ የሚጽፉት የፈረስ ጉልበት ግን በባሕር ጠለል አካባቢ ላለ አየር የተሰላ ነው። ቱርቦ፣ ማለትም አየር ጨምቆ የሚያስገባ መሣሪያ፣ የሌለው ሞተር በየ300 ሜትሩ ከፍታ ከጉልበቱ 3 በመቶ ገደማ ያጣል የሚለውን የተለመደ ስሌት ብንይዝ፣ 100 ፈረስ ጉልበት የተጻፈበት ሞተር ባሕር ዳር ላይ የሚሰጠው 82 ያህሉን ብቻ ነው። ወደ እንጅባራ ስንወጣ ደግሞ ከአራት እጁ አንዱ ይቀነሳል። የኤሌክትሪክ ሞተር አየር ስለማያቃጥል ይህ ኪሳራ አይነካውም። ብዙ ገዢዎች የመኪና ወረቀት ሲያነጻጽሩ ይህን ነጥብ አይቆጥሩትም፤ በእኔ ግምት ግን በደጋው አገራችን ከሁሉም አስቀድሞ መቆጠር ያለበት ይኸው ነው።

በወረቀት ያለውን እንመልከት። ዲኤክስ የምንላት መኪና በአውሮፓ አቆጣጠር ከ1979 ጀምሮ የተሠራችው የኮሮላ ትውልድ ስትሆን፣ የአባቴ መኪና የያዘችው 4ኬ የሚባለውን ባለ 1,290 ሲሲ፣ ቤንዚንና አየር በካርቡሬተር የሚቀላቀልበት ሞተር ነው። ጉልበቷ በ60ዎቹ ፈረስ ጉልበት ውስጥ ነው፤ ኃይሉን የሚቀበለው የኋላ ጎማ ሲሆን ክብደቷ 900 ኪሎ ግራም ገደማ ይሆናል። ዲዛየር ደግሞ ሞተሯ 1,197 ሲሲ ነው፤ ማለትም ከዲኤክሷ ያነሰ ነው፤ ነገር ግን 83 ፈረስ ጉልበት እና 113 ኒውተን ሜትር ቶርክ (የመጠምዘዝ ኃይል) ያወጣል። ክብደቷም ከ900 ኪሎ ግራም አይበልጥም። ያነሰ ሞተር የበለጠ ጉልበት ያወጣበት ምክንያት ምሥጢር አይደለም፤ የድሮው ሞተር ለአራት ሲሊንደር ስምንት ቫልቭ ብቻ ሲኖረው አዲሱ 16 ቫልቭ ስላለው አየር እንደ ልብ ይገባበታል፣ የተቃጠለውም ጭስ ፈጥኖ ይወጣለታል፣ ቤንዚኑም የሚረጨው በልክና በሰዓቱ ነው። የሲጋል ሞተር 55 ኪሎ ዋት፣ በፈረስ ጉልበት ሲነገር 75 ገደማ፣ ቶርኩ 135 ኒውተን ሜትር ነው፤ የእኛዋ ባትሪ 30 ኪሎ ዋት ሰዓት የሚይዘው ስለሆነ ክብደቷ 1,160 ኪሎ ግራም ይደርሳል። ከሦስቱ በመጠን ትንሿ መኪና በክብደት ትልቋ ናት።

የፍጥነት ሙከራውን ያደረግሁት ከመሸንቲ አልፎ ወደ መራዊ በሚወስደው ሜዳማ መንገድ ላይ፣ ማለዳ መንገዱ ጭር ባለበት ሰዓት፣ ታናሽ እህቴ አጠገቤ ተቀምጣ በስልኳ ጊዜ እየያዘች ነበር። ነፋስና የመንገዱ ዘንበል ማለት እንዳያሳስተን በሄድንበት አቅጣጫ ሁለት ጊዜ፣ በመልሱ ሁለት ጊዜ ሞክረን አማካዩን ወሰድን። ከቆሙበት ተነሥተው 50 ለመድረስ ዲኤክሷ 6 ሰከንድ ተኩል፣ ዲዛየሯ 5 ሰከንድ ተኩል፣ ሲጋሏ ደግሞ ከ5 ሰከንድ ጥቂት ያነሰ ጊዜ ፈጀባቸው። እስከ 80 ሲሆን እንደ ቅደም ተከተላቸው 14፣ 10 እና 9 ሰከንድ ገደማ ሆነ።

እዚህ ላይ አንድ የሚያስገርም ነገር አለ። በባሕር ዳር ከፍታ የዲዛየር 83 ፈረስ ጉልበት ወደ 68 ይወርዳል፤ ይህንንም ለክብደቷ ብናካፍለው በቶን 77 ያህል ይደርሳታል። የሲጋል 75 ሳይነካ ቢቆይም ክብደቷ ስለሚበልጥ በቶን የሚደርሳት 65 ብቻ ነው። በዚህ ስሌት መቅደም የነበረባት ዲዛየር ነበረች። የሆነው ግን ሌላ ነው፤ ምክንያቱም እንደ ዲዛየሯ ያለ የቤንዚን ሞተር ሙሉ ቶርኩን የሚያገኘው በደቂቃ 4,000 ዙር አልፎ ሲሽከረከር ብቻ ነው፤ እስከዚያ ድረስ ማርሽ ይቀየራል፣ ፍሪሲዮን ይረገጣል፣ ጊዜም ይባክናል። የኤሌክትሪኩ ሞተር ግን መርገጫው እንደተነካ ያለውን 135 ኒውተን ሜትር ሁሉ ከዜሮ ዙር ጀምሮ ይሰጣል፤ የሚቀየር ማርሽም የለበትም። ከ80 በላይ ስንሄድ ልዩነቱ እየጠበበ መጣ፤ ሲጋል በከፍተኛ ፍጥነት የምትበልጥ መኪና አይደለችም፣ አምራቹም ከ130 በላይ እንድትሄድ አልሠራትም።

ከቁጥሮቹ ሁሉ የበለጠ ትርጉም የሰጠኝ ግን ከ40 ወደ 80 የመውጣቱ ልዩነት ነው። ዲኤክሷ በሦስተኛ ማርሽ 10 ሰከንድ፣ ዲዛየሯ 7 ሰከንድ ወሰደባቸው። ሦስት ሰከንድ ትንሽ ይመስላል፤ ነገር ግን በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር በሚሆን አማካይ ፍጥነት ሦስት ሰከንድ 50 ሜትር ነው። ፊት ለፊት መኪና እየመጣ፣ በግራ በኩል ከአይሱዙ ጎን ለጎን ሆኖ ያን 50 ሜትር መጨረስ ምን ያህል እንደሚረዝም በዲኤክስ የነዳ ሰው ያውቀዋል። በአንጻሩ ጠቅላላው የጉዞ ጊዜ ብዙም አይለያይም። 80 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሆነውን የዳንግላ መንገድ ዲኤክሷ በ1 ሰዓት ከ25 ደቂቃ፣ ዲዛየሯ በ1 ሰዓት ከ18 ደቂቃ ጨረሱት። መራዊ ላይ ገበያ አለ፣ ከቆጋ መስኖ ማሳ የሚወጣ ጋሪ አለ፣ መንገድ የሚያቋርጥ የከብት መንጋ አለ፤ ሁሉም መኪና እዚያ ሲደርስ እኩል ይሆናል። አዲስ መኪና የሚገዛው ፈጥኖ ለመድረስ ነው የሚለው አስተሳሰብ በዚህ መንገድ ላይ በሰባት ደቂቃ የሚቆጠር ጥቅም ብቻ ነው ያለው። የአዲሱ መኪና እውነተኛ ጥቅም በደኅና መቅደምና በደኅና መቆም ነው።

ስለ መቆም ካነሣሁ፣ ዲኤክሷ የጎማ መቆለፍን የሚከላከል ፍሬን የላትም፤ በዝናብ ጊዜ ከ80 ላይ በድንገት ብትረገጥ ፊቷን ታዞራለች። ይህን ያየሁት በክረምት፣ ሰባታሚት አካባቢ ነው፤ ጉዳት ባይደርስም ከዚያ ወዲህ ከምዘናው ውጪ ከ70 በላይ አልነዳትም።

ወደ ጉልበቱ እንሂድ። የቤዛዊት ዳገት ለዚህ ፈተና የተሠራ ይመስላል፤ ከታች ዓባይ፣ ከላይ የቀድሞው ቤተ መንግሥት፣ በመካከሉ የሚጠማዘዝ አቀበት። አራት ሰው ጭነን ሦስቱንም በተራ አወጣናቸው። ዲዛየር በሦስተኛ ማርሽ ጀምራ ኩርባው ላይ ወደ ሁለተኛ መመለስ ግድ ሆነባት፤ ዙሩ ሲወርድ ሞተሩ ይታፈናል፣ ዙሩ ከፍ ሲል ግን በደስታ ይጎትታል። ሲጋል ያለ ድምፅ፣ ያለ ማርሽ፣ ሜዳ ላይ ያለች ያህል ወጣች። ዲኤክሷ በሁለተኛ ማርሽ ዝግ ብላ፣ ነገር ግን አንድም ጊዜ ሳትታፈን ደረሰች። እውነቱን ለመናገር በዝቅተኛ ዙር የእርሷ ሞተር ከዲዛየሯ ይልቅ ታጋሽ ነው፤ መርገጫውን ጥቂት ነካ አድርገው ቢተውአት እንኳ እየተንፏቀቀች ትወጣለች እንጂ አትጠፋም። አባቴ «የድሮ ሞተር ጉልበት አለው» ሲል የሚናገረው ይህን በእግሩ የሚሰማውን ነገር ነው፤ ስለዚህ ሙሉ በሙሉ ተሳስቷል ለማለት አልደፍርም። የተሳሳተው፣ ያ ጉልበት በዝቅተኛ ዙር ብቻ ያለ መሆኑን፣ ዳገቱ ሲረዝምና ፍጥነት ሲፈለግ ግን ከየትም የማይመጣ መሆኑን ባለመቁጠሩ ነው።

ዲኤክሷ ከዳገቱ ስትወርድ ግን የቤንዚን ሽታ ተከተለን። ከጭስ ማውጫዋም ጥቁር ጭስ ይወጣ ነበር። በማግሥቱ ዓባይ ማዶ ወዳለ አንድ ትንሽ ጋራዥ ወስጃት፣ ከልጅነቴ ጀምሮ የማውቃቸውን አዛውንት መካኒክ «ጋሼ፣ ሞተሩ ደክሞ ይሆን?» ብዬ ጠየቅኋቸው። መልስ ሳይሰጡ አንደኛውን ካንዴላ (ቤንዚኑን በብልጭታ የሚያቀጣጥለውን) ፈትተው መዳፌ ላይ አስቀመጡልኝ። ጫፉ እንደ ምጣድ ጀርባ ጥላሸት ለብሷል፤ በጣቴ ስነካው እርጥብ ጥቁር ነገር ቀረብኝ። «የደከመው ሞተሩ አይደለም ልጄ፣ አመጋገቡ ነው» አሉኝ።

ከዚያ በኋላ ባለው ግማሽ ቀን ያሳዩኝን ነገር ለማንኛውም የድሮ መኪና ባለቤት ማካፈል እፈልጋለሁ። ካርቡሬተር ቤንዚንን የሚመጥነው በጉሮሮው በሚያልፈው የአየር ይዘት እንጂ በአየሩ ክብደት አይደለም። ባሕር ዳር ላይ አየሩ ሳሳ ያለ ስለሆነ ያው ይዘት ያለው አየር የሚይዘው ኦክስጅን ያነሰ ነው፤ ካርቡሬተሩ ግን ይህን የሚያውቅበት መንገድ ስለሌለው በቆላው ልክ የተሰፈረውን ቤንዚን እዚህም ይሰፍራል። የተረፈው ቤንዚን ሳይቃጠል በጭስ ይወጣል፤ ጉልበትም ይቀንሳል፣ ፍጆታም ይጨምራል። መካኒኩ ካርቡሬተሩን አውርደው በውስጡ ያለችውን፣ መካከሏ በፀጉር ቀጭን ቀዳዳ የተበሳች የነሐስ ብሎን አወጡና ቀዳዳዋ አንድ ደረጃ በምትጠብ ተኩ። የአየር ፊልትሮው በአቧራ ደፍኖ ስለነበር ቀየሩት። የቤንዚኑን ከፍታ የሚቆጣጠረውን ተንሳፋፊ ዝቅ አደረጉ። በመጨረሻም ሞተሩን አስነሥተው፣ ጆሯቸውን ወደ ሞተሩ ዘንበል አድርገው፣ የማስተካከያዋን ብሎን በካቻቪት ሩብ ዙር ሩብ ዙር እያሉ ድምፁ ጥርት እስኪል ድረስ አዞሩ። «ከሳምንት በኋላ ካንዴላውን ፈትተህ እየው፤ የተቆላ ቡና መልክ ከያዘ ተስተካክሏል፤ ከነጣ ደግሞ ቤንዚኑ አንሶታልና ቶሎ ተመለስ» ብለው ሸኙኝ።

ዲዛየር ይህን ሁሉ የምታደርገው ራሷ ናት። የሚገባውን የአየር ግፊት የሚያነብ ሴንሰር አላት፤ በጭስ መውጫው ላይ ያለው ሌላው ሴንሰር ደግሞ የተረፈውን ኦክስጅን እየለካ ለኮምፒውተሩ ይነግራል፤ ኮምፒውተሩም የሚረጨውን ቤንዚን ሳያቋርጥ ያርማል። ከባሕር ዳር ወደ እንጅባራ ስትወጣ አየሩ እየሳሳ መሄዱን ታውቃለች፤ ዓባይ በረሃ ስትወርድም እንዲሁ። አዲስ መኪና ከአሮጌ መኪና የሚለይበት ትልቁ ነገር በእኔ እምነት የሞተሩ ትልቅነት ወይም ጥንካሬ ሳይሆን ይህ የማያቋርጥ ልኬት ነው።

የፍጆታው ውጤት ይህንኑ ያሳያል። ዲኤክሷ ከመስተካከሏ በፊት ከተማ ውስጥ በአንድ ሊትር 9 ኪሎ ሜትር፣ ከተስተካከለች በኋላ 11 ኪሎ ሜትር ሄደች። ሞተር ሳይወርድ፣ ፒስተን ሳይቀየር በሊትር ሁለት ኪሎ ሜትር ማግኘት ለእኔ ከምዘናው ሁሉ ትልቁ ግኝት ነው። ገጠር ላይ በ80 ስትነዳ 13 ደረሰች። ዲዛየር ከተማ ውስጥ 15፣ ገጠር ላይ በዚያው ፍጥነት 19 ሰጠች። እነዚህ ቁጥሮች የተለኩት ያለ አየር ማቀዝቀዣ ነው፤ በሚያዝያ ሐሩር ማቀዝቀዣውን ከፍቼ ስነዳ የዲዛየር የከተማ ውጤት ወደ 13 ወረደ።

ሾፌሮች በቁም ነገር እንዲመለከቱት የምፈልገው ሌላው ጉዳይ የራስ ፍጥነት ነው። የአየር ግፊያ ከፍጥነቱ ጋር እኩል አይጨምርም፤ ከ80 ወደ 100 ስንወጣ ፍጥነታችን የጨመረው በ25 በመቶ ቢሆንም፣ መኪናውን ወደ ኋላ የሚገፋው አየር ግን በ56 በመቶ ይጨምራል። በዳንግላ መንገድ በ100 ስነዳት ዲዛየር ከ19 ወደ 16 ወረደች። አካሏ እንደ ሳጥን ማዕዘናማ የሆነባትና አምስተኛ ማርሽ የሌላት ዲኤክስ ደግሞ በ13 ፈንታ 10 ተኩል ብቻ ሄደች፤ ሞተሯም በዚያ ፍጥነት የሚያሰማው ጩኸት አጠገብ ከተቀመጠ ሰው ጋር አያነጋግርም። ስለዚህ ዲዛየርን በ100 የሚነዳ ሰው ለሰባት ወይም ለስምንት ደቂቃ ብሎ የአዲስ መኪናን ጥቅም እኩሌታውን መንገድ ላይ ይጥለዋል ለማለት እደፍራለሁ።

አዲስ መኪና ሁልጊዜ ቆጣቢ ነው የሚለውንም በጭፍን መቀበል አይገባም። የአንድ ጎረቤታችን ባለ 1,000 ሲሲ ቶዮታ ቪትዝ ከዲኤክሷ ብሶ በሊትር 9 ኪሎ ሜትር ብቻ ይሄድ ነበር። ዳሽቦርዱ ላይ የሞተሩ ቢጫ መብራት ከበራ ዓመት አልፎታል፤ አንድ ጋራዥ «ምንም አያመጣም» ብሎት ነበር። በኮምፒውተር ሲታይ የጭሱ ኦክስጅን ሴንሰር ገመዱ ተቆርጦ ተገኘ። ሴንሰሩ ሲጠፋ ኮምፒውተሩ ሞተሩ እንዳይጎዳ ብሎ ቤንዚን ጨመር አድርጎ ይረጫል፤ ማለትም አዲሱ መኪና ወደ ካርቡሬተር ዘመን ይመለሳል፣ ያውም የሚያስተካክለው ብሎን ሳይኖረው። ሴንሰሩ ሲተካ ወደ 15 ተመለሰ። ያገለገለ ቪትዝ፣ ያሪስ ወይም ዲዛየር ሊገዛ የሚሄድ ሰው ቁልፉን ሲያዞር ያ መብራት በርቶ፣ ሞተሩ ሲነሣ መጥፋቱን ይመልከት፤ ጨርሶ የማይበራ ከሆነ ደግሞ ሆን ተብሎ ተነቅሎ ሊሆን ይችላልና የባሰ ይጠርጥር።

ስለ ናፍጣ መኪኖች በአጭሩ ልጥቀስ፤ ብዙዎቻችን የምንሳፈረው በእነርሱ ነውና። ዶልፊን የምንለው የድሮው ሃይኤስ ቱርቦ የሌለውን ባለ 3 ሊትር ገደማ 5ኤል ሞተር ይዞ ከ100 ያነሰ ፈረስ ጉልበት ያወጣል፤ አባዱላ የምንለው የቀጣዩ ትውልድ ሞተር ደግሞ 2,494 ሲሲ ሆኖ በቱርቦ 102 ፈረስ ጉልበት ይሰጣል። በወረቀት ልዩነቱ ኢምንት ነው። በደጋ ግን ቱርቦው የሳሳውን አየር ጨምቆ ስለሚያስገባ አባዱላው ጉልበቱን እንደያዘ ሲወጣ፣ ዶልፊኑ ወደ ደብረ ታቦር በሚወስደው አቀበት ላይ ጭሱን ከኋላው እየጎተተ ይቀራል። ተሳፋሪ ሆኜ እንጂ ሾፌር ሆኜ ስላልነዳኋቸው የፍጆታ ቁጥር አልሰጥም።

የሲጋል ፍጆታ በሊትር አይለካም። ከተማ ውስጥ በ100 ኪሎ ሜትር 12 ኪሎ ዋት ሰዓት ገደማ ተጠቀመች። አንድ ሊትር ቤንዚን በውስጡ 9 ኪሎ ዋት ሰዓት ገደማ ኃይል እንደሚይዝ ብናስብ፣ ዲዛየር ከተማ ውስጥ በ100 ኪሎ ሜትር የምትጨርሰው 60 ኪሎ ዋት ሰዓት ነው፤ ያም ማለት ሲጋል በአምስት እጥፍ ባነሰ ኃይል ያንኑ ርቀት ትሄዳለች። የቤንዚን ሞተር ከሚያቃጥለው አብዛኛውን በሙቀት መልክ በራዲያተርና በጭስ ስለሚያወጣው ነው ይህ ሁሉ ልዩነት የመጣው። ወደ ዳንግላ ስንሄድ ባትሪው ከ100 ወደ 62 በመቶ ወረደ፤ ስንመለስ ግን መንገዱ ከ300 ሜትር በላይ ቁልቁል ስለሚወርድ፣ ሞተሩም ቁልቁለት ላይ ራሱ ኃይል እያመነጨ ለባትሪው ስለሚመልስ፣ ቤት ስንገባ 31 በመቶ ቀርቶ ነበር። አምራቹ የጻፈው 305 ኪሎ ሜትር በቻይና የመለኪያ ዘዴ የተገኘ ነው፤ በእኛ መንገድ ገጠር ላይ ከ220 በላይ መተማመን ተገቢ አይመስለኝም። ለጎንደር ደርሶ መልስ ወይም ለአዲስ አበባ ጉዞ አልወስዳትም።

ባትሪውን በቤት ሶኬት ከባዶ ለመሙላት 15 ሰዓት ገደማ ይፈጃል፤ ማታ ተሰክቶ መብራት ከጠፋ ጠዋት ላይ ዕቅድ ይፈርሳል። አማቻችን ይህን ስለተማረ ከ50 በመቶ በታች አያወርዳትም። ሆኖም የነዳጅ ወረፋ ላይ የሚጠፋውን ግማሽ ቀን ያየ ሰው ይህን እንደ ችግር አይቆጥረውም። በ460 ሜጋ ዋቱ በጣና በለስ ጣቢያ የጣና ውኃ ኃይል ወደሚያመነጭበት፣ ዓባይም ከደጃፋችን ወጥቶ ወደ ታላቁ ግድብ ወደሚወርድበት አገር ይህች መኪና እንግዳ አለመሆኗ እኔን በግሌ ደስ ያሰኘኛል። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ ደግሞ አዲስ መኪና መግዛት ማለት በአመዛኙ የኤሌክትሪክ መኪና መግዛት ማለት ሆኗል፤ ቀድሞ የገቡት ዲዛየርና ቪትዝ፣ ዲኤክስም ጭምር፣ ዋጋቸው አልቀመስ ያለውም በከፊል በዚህ ምክንያት ነው።

እንግዲህ ፍርዴን ልስጥ። ቤቱ ግቢ ያለው፣ አብዛኛውን ጊዜ ከዓባይ ማዶ በአዲሱ ድልድይ ተሻግሮ ጊዮርጊስ ደርሶ የሚመለስ ቤተሰብ ሲጋልን የመሰለች የኤሌክትሪክ መኪና ቢይዝ በፍጥነትም፣ በጉልበትም፣ በወጪም የሚወዳደራት የለም። በየሳምንቱ ክፍለ አገር ለሚወጣ ሰው ከሦስቱ ዲዛየርን እመርጣለሁ፤ ከ80 እስከ 90 ባለው ፍጥነት እስከተነዳች ድረስ። ዲኤክስን ዛሬ አዲስ ገዢ ሆኖ ለሚመጣ ሰው አልመክርም፤ በተጠየቀው ዋጋ የሚያገኘው ፍሬንና ደኅንነት አይመጥነውም። ቀድሞ ያላት ግን በችኮላ አይሽጣት፤ ካርቡሬተሯን ለባሕር ዳር አየር ያስተካክልላት፣ ፊልትሮዋን ይቀይር፣ ከ70 በላይም አይንዳት።

የእኛዋ አልተሸጠችም። አባቴ ቅዳሜ ገበያና እሑድ ቤተ ክርስቲያን ይሄድባታል፤ ረጅሙን መንገድ በዲዛየር እንሄዳለን። ባለፈው ሳምንት መካኒኩ ባሉኝ መሠረት አባቴ ራሱ ኮፈኑን ከፍቶ አራቱንም ካንዴላዎች አንድ በአንድ ፈታና በነጭ ጨርቅ ላይ ደረደራቸው፤ ሦስቱ የተቆላ ቡና መልክ ይዘዋል፣ አራተኛው ገና ጠቆር ያለ ነው።